ሶሌ፣ ላፕቶፕህ አሁንም ይሠራል

ሶሌ ወንድሜ እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? አውቃለሁ፣ አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ብቅ ስል "ይሄ ሰውዬ ብር ሊበደር ነው" ሳትል አትቀርም። አይደለም ባክህ። የጠፋሁት አፍሬ ነው፣ እውነቱን ልንገርህ። ስትሄድ ላፕቶፕህን ትተህልኝ "በዚህ ስዊዘርላንድ ያለው የሰርን ላብራቶሪ በአትላስ ዲቴክተሩ የሰበሰበውን ዳታ አውርደህ ቶፕ ኳርክ የሚሉትን ቅንጣት ቁጠር፣ ስትጨርስ ጻፍልኝ" ብለኸኝ አልነበር? እኔም ማልኩልህ። ከዚያ ማስተማሩ መጣ፣ የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ መጣ፣ ልጅ ተወለደ፣ ላፕቶፑ ላይ የፈተና ጥያቄ ከመተየብ ሌላ ምንም ሳልሠራበት ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ፣ ስትደውል "የት ደረስክ" ትለኛለህ ብዬ ስልኩን ማንሳት ፈራሁ፣ አንዴ ሳታነሳ ካለፍክ ደግሞ ሁለተኛው የባሰ ነው። በቃ እንደዛ ነው የጠፋሁት። ይቅር በለኝ።

አሁን ግን ቆጥሬያለሁ። ለዛ ነው የምጽፍልህ።

ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ 4ኛ ፎቅ። ዳታውን ያወረድኩት በሌሊት ፓኬጅ እየጠበቅኩ ነው፣ በ2020 በፈረንጅ ለተማሪ ብለው በነፃ የለቀቁት የ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልቱ (ፕሮቶኖቹ የሚላተሙበት ጉልበት ነው)፣ 10 ኢንቨርስ ፌምቶባርን (የግጭቱ ብዛት መለኪያ)። መብራት ይጠፋል፣ ዋይፋዩም አብሮ ይሞታል፣ ፋይሉ 90 ምናምን በመቶ ላይ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ከዜሮ። ባለቤቴ "ከዚህ ሁሉ እዛው ስዊዘርላንድ ሄደህ ብትቀዳው አይሻልም?" ትለኛለች።

ቁጥሮቹ አሁንም ያስገርሙኛል። ባርን የሚለውን የስፋት መለኪያ ስም በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካኖቹ ፊዚሲስቶች እንዴት እንዳወጡት ነግሬህ ነበር አይደል፣ የዩራኒየም ኒውክሊየስ የእህል ጎተራ (በእንግሊዝኛ ባርን) ያህላል ብለው እየቀለዱ። ፒኮባርን የዛ ጎተራ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። በ1995 ፌርሚላብ ላይ ቶፕ ሲገኝ ክሮስ ሴክሽኑ (በግጭት የመወለድ ዕድሉ፣ በስፋት ተለክቶ) አስር ፒኮባርን እንኳን አይሞላም ነበር፣ ሰርን ላይ በ13 ቴራ ግን 830 አካባቢ ነው። ይሄን በ10 ሺህ (10ሩ ኢንቨርስ ፌምቶባርን በፒኮባርን ሲቆጠር ነው) ስታባዛው እኔ ላፕቶፕ ላይ ካለው ዳታ ጀርባ 8.3 ሚሊዮን ጥንድ ቶፕ ተወልዶ ሞቷል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ፕሮቶኖቹ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲላተሙ አንዴ ነው ጥንድ ቶፕ የሚወጣው።

እንዴት እንደፈለግኩት ታውቀዋለህ፣ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። እያንዳንዱ ቶፕ ወደ ደብሊው ቦዞንና ወደ ቢ ኳርክ ይሰበራል፣ አንዱ ደብሊው ኤሌክትሮን ሌላው ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባዱ ዘመድ) የሰጠበትን ብቻ ትወስዳለህ፣ ምክንያቱም በግጭቱ የሚፈጠረው ሌላው ቅንጣት፣ ዜድ ቦዞን፣ ሁለት ኤሌክትሮን ወይ ሁለት ሙዮን እንጂ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አያወጣም፣ ስለዚህ አብዛኛው ግርግር እዛው ይቀራል። ከዚያ ቢ ጄቶቹን (ቢ ኳርኮቹ የሚረጩትን የቅንጣት ጎርፍ) ትቆጥራለህ። እዚህ ጋ ነው ጉድ የሆንኩት። ቢ ጄት መለያው 70 በመቶ ይይዛል ተብሎ ተጽፏል፣ እኔም ሁለቱም ቢ የተያዙበትን ቆጥሬ ለ0.7 ስኩዌር አካፈልኩ። ክሮስ ሴክሽኑ 500 ፒኮባርን ገደማ መጣ። 830 የት፣ 500 የት! ሦስት ሳምንት ኮዱን ገለበጥኩት፣ የቅንፍ ስህተት ፈለግኩ፣ ባክግራውንዱን (ቶፕ መስሎ የሚገባውን) ተጠራጠርኩ፣ ራሴንም ተጠራጠርኩ (ያንን ማድረግ ድሮም አይከብደኝም)።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ድቅድቅ አለ። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ ታች ያለውን መንገድ እያየሁ ቆሎ እቆረጥማለሁ። መኪኖቹ አይታዩም፣ መብራታቸው ብቻ ነው። አንዱ በሁለት መብራት ይመጣል፣ ሌላው አንድ ዓይና ነው። በዚህ መንገድ አንድ ዓይናው ይበዛል፣ አትሳቅ። ድንገት የሚያጓራ ሞተር ሰማሁ፣ ምንም መብራት የለውም፣ በጨለማ አለፈ። ያኔ ነው ብልጭ ያለልኝ። ሁለቱም የጠፋበትን ላየው አልችልም፣ ግን ሁለት የሚያበሩትንና አንድ ዓይናዎቹን ካነጻጸርኩ የአንዱ አምፖል የመሥራት ዕድል ይወጣል፣ ከዛ የማላየውንም መቁጠር እችላለሁ! በቆሎ ጀመርኩ፣ ባለሁለት በዚህ ሳህን፣ አንድ ዓይና በዚያ ሳህን።

ቁጥሩን አቅልዬ ልንገርህ፣ 36 ባለሁለት 48 አንድ ዓይና አየህ እንበል፣ አምፖሉ የሚሠራው 60 በመቶ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ በጠቅላላ ያለፈው 100 መኪና ነው፣ 16ቱ በጨለማ ሾልከውብሃል። 70 በመቶ የሚል ወረቀት ማመን አያስፈልገኝም ነበር! 70ው እኮ ዲቴክተሩ ያየውን ጄት ነው የሚመለከተው፣ በደንብ ወደማያይበት ጠርዝ የሄደውን ወይም የደከመውን አይቆጥርም፣ ስለዚህ ትክክለኛው ከዛ በታች ነው። አትላሶች ራሳቸው እንደዚህ ነው የሚሠሩት፣ ባለአንድና ባለሁለት ቢ ቆጥረው ሁለት እኩልታ፣ ሁለት ያልታወቀ። አንብቤው አውቃለሁ ብዬ ነበር፣ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ታችኛው ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ሻማ ፍለጋ መጣ፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ነገርኩት። ቁጭ አለና ከአንደኛው ሳህን ቆሎ እየዘገነ (ዳታዬን በላው) "ተሳስተሃል" አለኝ። "ለምን?" "አንዱን መብራት ያላሠራ ሹፌር ሁለተኛውንም አያሠራም። አንተ ሁለቱ የማይተዋወቁ አድርገህ ነው የምታሰላው።" ሶሌ ሙት፣ ሰውዬው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። ይሄ እኮ የሁለቱ ቢ ጄቶች ኮሪሌሽን ነው፣ አትላሶች ከሲሙሌሽን (ግጭቱን በኮምፒውተር አስመስለው) አውጥተው የሚያስተካክሉት። ቶፕ ላይ እርማቱ ትንሽ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ግን እንጃ።

"ለመሆኑ ይሄ የምትቆጥረው ነገር ምን ያህላል?" አለኝ። የመኪናህ አምፖል ውስጥ ያለችው ሽቦ ቱንግስተን ትባላለች፣ የሷን አንድ አቶም ያህል ይከብዳል፣ ግን አቶም ሳይሆን አንድ ብቸኛ ቅንጣት ነው አልኩት። "ታዲያ እሱም እንደ አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላላ!" አለ። ይቃጠላል እንጂ፣ ከሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ውሰድ፣ እሱን መልሰህ ለትሪሊዮን ክፈል፣ ከዛም ግማሹን። ሌሎቹ ኳርኮች ተጣምረው ለብሰው ነው የሚወጡት፣ ቶፕ ግን ልብስ ሳይደርስለት ያልቃል። ሻማውን ይዞ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ወረደ።

መብራት እንደመጣ ኮዱን አስተካክዬ አስኬድኩት። 790 ገደማ ሰጠኝ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም፣ ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ "830 ሊሆን ምንም አልቀረው" አልኳት፣ ብር መስሏት ተነስታ ቁጭ አለች።

አትላሶች በ2023 ያወጡት 829 ነው፣ ስህተቱ በጠቅላላ 15። ከዛ ውስጥ ከቆጠራው ማነስ የሚመጣው 1 ብቻ ነው፣ ከሉሚኖሲቲው (ከግጭቱ ብዛት መለኪያ) የሚመጣው ግን 8። አየህ፣ ሁለቱን ጨረሮች አንዱን በሌላው ላይ ቀስ እያደረጉ እያንሸራተቱ ስፋታቸውን ለክተው፣ ስንት ፕሮቶን እንደተላለፈ ለማወቅ ያን ሁሉ ደክመው እንኳን ከቆጠራው ማነስ ይልቅ እሱ ነው ያስቸገራቸው። እኔ ሉሚኖሲቲውን የሰጡኝን ዝም ብዬ ነው የተቀበልኩት፣ የራሴን ስህተት ደግሞ ገና አላሰላሁትም፣ 790ው ከ830 የጎደለው በምን እንደሆነም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ጠርጥሬያለሁ። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ኔጋቲቭ ዌይት ያላቸው (በመደመር ፈንታ የሚቀነሱ) ኤቨንቶች፣ ማለትም ግጭቶች፣ አሉ፣ እነሱን ከታች ስካፍል አካትቼ ከላይ ስደምር የረሳኋቸው ይመስለኛል። ኮዱን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፣ 214ኛው መስመር አካባቢ እይልኝ እስቲ። ኮመንቶቹ ላይ "ረ" ፊደል ከጎደለች አትገረም፣ ቁልፏ ወልቃለች፣ የቀረው ሁሉ ይሠራል።

ማታ ማታ ቤት ነኝ። ደውል፣ አነሳለሁ።