ሰለጠነ የተባለውን ገበሬ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ ከእነዋሪ ነው፣ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ክረምት ሲገባ አሁንም እርሻው ላይ ነኝ። ስለ ግብርና ምክር ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ይሄን ያህል ሺ አርሶ አደር ሰለጠነ፣ ይሄን ያህል ሄክታር በመስመር ተዘራ ምናምን ነው። እማዬም አምና ሰልጣኝ ተብላ ተመዝግባለች። ማዳበሪያ ልትወስድ ሄዳ ሰልፍ ላይ እያለች እዚህ ጋ ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች፣ በኋላ ሲነገረን ለካ የስልጠና መዝገብ ነው። ምን ሰለጠንሽ ብትሏት የምትመልሰው የላትም ምክንያቱም አንድም ሰው ምንም አልነገራትም። እሷ የቸገራት ደሞ ሌላ ነበር፣ ሽንብራዋን ነቀዝ እየበላባት በርካሽ ለመሸጥ ትገደድ ነበር። ባለ ሶስት ሽፋኑን ከረጢት፣ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ውስጡ ታፍኖ የሚሞትበትን፣ የሰማችው ደነባ ገበያ ከዘመድ ነው። ቀበሌያችን ውስጥ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ተብለው ሶስት ባለሙያ ተመድበው እያለ ማለት ነው።

ባለሙያዎቹን ሁሉ ልወቅስ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ተመድባ መጥታ ነበር፣ እግዜር ይስጣት። ከሷ በፊት የነበሩት ስብሰባ ጠርተው ውሃ አጠንፍፉ ይሉን ነበር፣ የጅሩ፣ ማለትም የኛ አካባቢ ሰው ግን ውሃ የሚይዘው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ በእጁ እያወጣ ሲያጠነፍፍ የኖረ ነው፣ ሴቱም ልጁም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወገቡ እስኪቆረጥ። እሷ መጀመሪያ ያደረገችው አባዬን እንዴት ነው የምትሰሩት ብላ መጠየቅ ነው፣ ከዛ ቢቢኤም የሚሉትን በበሬ ተጎትቶ መደብ የሚያወጣውን መሳሪያ የአንድ ጎረቤት ማሳ ላይ አሰራችው፣ ጥቅምት ላይ ስንዴው ዘለላ ሲያወጣ ሰዉን ሰብስባ ወስዳ አሳየችው። የስብሰባውን ምክር ሶስት ዓመት እምቢ ያለው አባዬ በቀጣዩ ክረምት ራሱ ሄዶ መሳሪያውን ተዋሰ። በቃ ምክር ማለት ለኔ ይሄ ነው። ልጅቷ ግን ብዙም ሳትቆይ ተዛወረች፣ እስዋ የጀመረችውን የቀጠለ የለም።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ባቄላ ላይ ቆርምድ የሚባለው በሽታ ሲገባ ቅጠሉ እብጥ እብጥ ይልና ይኮማተራል፣ ገና ሲጀምር ካልተረጨ ቶሎ ማሳውን ይሞላዋል፣ እኛ ጋ ግን ሪፖርት ተደርጎ፣ ከወረዳ ሰው መጥቶ አይቶ፣ ከዛ መድሀኒት ግዙ እስኪባል ባቄላው አልቆ ነበር። አባዬ በ2003 ዓ.ም ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ሲጨርሰው ያየ ሰው ነው፣ እስከዛሬ ዝናቡ ሲበዛ ቅጠል እየገለበጠ ያያል፣ የሚያየውን የሚነግረው ሰው ግን በሚፈልገው ሰዓት አያገኝም። 8028 የሚባለው የግብርና ምክር የሚሰጥ ነጻ የስልክ መስመር ጥሩ ነገር ነው፣ ማንበብ ለማይችልም በድምጽ ስለሆነ፣ ደውዬለት አዳምጧል። ግን እሱ የፈለገው መጥቶ የሱን ቅጠል የሚያይለት ሰው ነው።

ባለሙያው ደሞ የት ሄዶ ይሆን ብትሉ ማዳበሪያ እያከፋፈለ ነው፣ ወይ የተፋሰስ ስራ እያስተባበረ፣ ወይ ስብሰባ። መጓጓዣ የለውም፣ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ሲመሽ ደሞ የሚሞላው ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ የሚጠየቀው ስንት ሰው እንዳሰለጠነ ስለሆነ እሱም ስንት የሚለውን ነው የሚሞላው፣ እኔም እሱን ብሆን ከዚህ የተለየ የማደርግ አይመስለኝም።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ የግብርና ኃላፊዎች፣ አገልግሎቱ ይሰራል አይሰራም የሚለውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የባለሙያውን ሪፖርት ከማየት ውጪ ታህሳስና ጥር ላይ አውድማ ድረስ ኑ። የሚጠይቀው ሰው ከዛው ቀበሌ ጽህፈት ቤት ባይሆን ጥሩ ነው፣ ገበሬው ማዳበሪያ ይከለክለኛል ብሎ የሚፈራውን ሰው ፊቱ ላይ እውነቱን አይነግረውም። ዘንድሮ ምን ጠየቅክ፣ ማን መለሰልህ፣ ሞክረኸው ምን ሆነ በሉት። ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ፣ ባልየው አጠገብ ካለ እሱ ነው የሚመልሰው። እማዬ እዛው ናት፣ ሽንብራው ቢቀልላትም የዶሮዎቿን ነገር የምትጠይቀው አላት።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የገበሬ ልጅ፣ ከእነዋሪ