ጣሪያን ድንጋይ አይይዘውም

ክቡር አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ በብዙ ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማ ወይም የብሎኬት ስባሪ ተጭኖ ይታያል። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ነው። ይህ ልማድ ቤቱን አያድንም፤ ጣሪያው የተነሳ ቀን ደግሞ ድንጋዩ የጎረቤት ልጅ ላይ ይወርዳል። የበልጉም የክረምቱም ደመና ሳይደርስ ሰው ጣሪያውን ከታች የያዘው ምን እንደሆነ ወጥቶ እንዲያይ እንለምናለን።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ያህል ጉልበት አለው። ፍጥነቱ 100 ሲደርስ ጉልበቱ ወደ 48 ኪሎ ይወጣል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና። ጣሪያ ላይ ይህ ኃይል በአብዛኛው ወደ ላይ ነው የሚስበው። ስለዚህ 20 ካሬ ሜትር የሆነ የአንድ ክፍል ጣሪያ በ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከ9 ኩንታል በላይ ይሳባል። ባለ 32 ጌጁ ቆርቆሮ በሙሉ ቢመዘን ግን 50 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ላይ 10 ድንጋይ ቢጨመር ምን ሊፈይድ? በዳርና በማዕዘን ስበቱ የመሐሉን እጥፍ ሊሆን ስለሚችል መገንጠል የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ለሙቀቱ ተብሎ በነፋሱ አቅጣጫ የተተወ በር ወይም መስኮት ካለ ደግሞ ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥም ይገፋዋል።

ጣሪያን የሚይዘው ማያያዣው ነው፦ ቆርቆሮው ከሞራሌው (ቆርቆሮ ከሚመታበት አግድም እንጨት)፣ ሞራሌው ከወራጁ (ሞራሌውን ከሚሸከመው ተዳፋት እንጨት)፣ ወራጁ ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከመሠረቱ። አንዱ ከላላ የሌሎቹ ጥንካሬ ከንቱ ነው።

ከሚስማሩ እንጀምር። አጭሩ የቆርቆሮ ሚስማር ሞራሌው ውስጥ ብዙ ስለማይገባ ነፋስ ሲያርገበግበው ቀስ በቀስ ይወጣል። ለ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ የ9 ወይም የ10 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ተጠቅሞ፣ ከታች የወጣውን ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ማጠፍ ያስፈልጋል። ሌላው ብልሽት ሚስማሩ ሳይነቀል ስስ ቆርቆሮው ዙሪያውን ተቀዶ መውጣቱ ነው። ለዚህ ከሚስማሩ ራስ ሥር ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ላሜራ፣ ከላሜራው ሥር ደግሞ የከመነዳሪ ቁራጭ ይደረጋል። የድሬ ፀሐይ ጎማ ያደርቃልና በየጊዜው እየታየ ይቀየር። ሚስማሩ ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል። በዳር፣ በታችኛው ክፈፍና በጣሪያው አናት እያንዳንዱ ጉብታ፣ መሐል ላይ በየሁለት ጉብታው ይመታ። ሞራሌዎቹ መሐል ላይ ከ90፣ ዳር ላይ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራራቁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ምስጥ የገባበትን እንጨት በካቻቢቴ ወጋ በማድረግ መለየት ይቻላል፤ ብረቱ ያለ ትግል ከሰመጠ ያ እንጨት ምንም አይይዝም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ወራጅና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በሁለት ሚስማር ብቻ የተቀመጠ ወራጅ ከነቆርቆሮው ተነስቶ ይሄዳል። አዲስ ቤት ከሆነ ባለ 6 ሚሊ ፌሮ በላይኛው ቢም (በግድግዳው አናት ዙሪያ በሚሞላው ኮንክሪት) ውስጥ አስቀድሞ ተቀብሮ በእያንዳንዱ ወራጅ ላይ ይጠመዘዛል። የብሎኬት ቤት ቢም ከሌለው ማሰሪያውን ከላይኛው ብሎኬት ጋር ብቻ ማያያዝ ዋጋ የለውም። አንድ ብሎኬት ከ20 ኪሎ ብዙም ስለማይርቅ አብሮ ይነሳል። ቢያንስ 3 ረድፍ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይታሰር። በጭቃ ቤት ወራጁ ከቋሚው ጋር በወፍራም የማይዝግ ሽቦ ሁለት ዙር ይታሰራል።

የበረንዳውን ጥላ ከዋናው ጣሪያ ለይቶ በራሱ ቋሚ ላይ መሥራት ይሻላል፤ አንድ ላይ ከተያያዙ በረንዳው ሲገነጠል ቤቱንም ይዞ ይሄዳል። የውሃ ሮቶ ባዶ ሲሆን ነፋስ ይወስደዋል። ባለ 1,000 ሊትሩ ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ኩንታል ነው፤ ስለዚህ በነዚህ ወራት ከግማሽ አይጉደል፣ ከማማውም ጋር ይታሰር። የላላ ዲሽና ግቢ ውስጥ የተከመረ ትርፍ ቆርቆሮም እንዲሁ።

ከደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ በሙቀቱ መሐል ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመታ ወይም አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ከታየ የቀረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዝናቡ ጋር የወረደው ቀዝቃዛ አየር መሬት መትቶ በየአቅጣጫው ስለሚረጭ ነፋሱ ዝናቡን ይቀድማል። በዚያች ሰዓት ጣሪያ ላይ መውጣት ሞት ነው። በርና መስኮት ዘግቶ ከመስታወት ርቆ ትንሿ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ይገባል። በቀፊራና በታይዋን ገበያ የምትነግዱ ወገኖች ሸራውን ቀድማችሁ አውርዱ። ባጃጅ ከኒም ዛፍ ሥር አይቁም፤ በተለይ ለቧንቧ ሲቆፈር በአንድ ወገን ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ቶሎ ይወድቃል። ከነፋሱ ለመሸሽ ደቻቱ አሸዋ (ደረቁ የወንዝ መውረጃ) ውስጥ መውረድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከተማው ሳይዘንብበት ከተራራው ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፣ የ1998ቱን ማንም አልረሳም።

የወደቀ የመብራት ሽቦ ሲታይ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ሰውም አስጠንቅቆ 905 መደወል ነው። ነፋሱ ካለፈ በኋላ የላላ ቆርቆሮ በድሮው ቀዳዳ ተመልሶ አይመታ፤ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ እንጨቱም ተፍቋል። በአዲስ ቦታ ይመታና የድሮው ይደፈን።

ለከተማው አስተዳደር አንድ ጥያቄ አለን። የግንባታ ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት የወራጅ ማሰሪያው በተቆጣጣሪ ይታይ። ለዚህ መሰላልና ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ኮርኒስ ከተመታ በኋላ ግን ሳያፈርሱ ማየት አይቻልም።

በጣሪያ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ ከድሬዳዋ