ለወንድሜ፣ ከብሪዝበን፣ አውስትራሊያ

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? እማማስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ "እንዴት ከረምክ" ማለቴ ራሱ ያሳፍራል። መጨረሻ ላይ የጻፍክልኝ "መቼ ነው ጠቅልለህ የምትመለሰው?" የሚል ነበር። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፣ ከዚያ ሐፍረቱ መጣ፣ ሐፍረት ከያዘኝ በኋላ ደግሞ ታውቀኛለህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንድ ተጫዋች ነው። አትሳቅ! ስፖርት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ እዚህ ግን ራግቢ ሊግ ካላወቅክ ከሰው ጋር ወሬ የለህም። 13 ለ13 ሆነው 80 ደቂቃ የሚላተሙበት ጨዋታ ነው። ሌሊት አብሮኝ የሚሠራ የፊጂ ሰው አለ፤ ስለ ፔቴሮ ሲቮኒሴቫ የነገረኝ እሱ ነው። ስሙን እንዲህ ስጠራው ይስቅብኛል። የነሱ "ሲ" ምላስህን ጥርስህ መሃል አድርገህ "ዘ" እንደማለት ነው፤ እኔ እስካሁን አልቻልኩም።

ፔቴሮ በፈረንጆች 1976 የፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ይዘውት መጡና እዚሁ ከብሪዝበን ሰሜን፣ ሬድክሊፍ አደገ። የሚጫወትበት ቦታ ፕሮፕ ይባላል። ኳሱን ታቅፎ ግንብ የሚያካክሉ ሦስት አራት ሰዎች ወደቆሙበት ቀጥ ብሎ መሮጥ፣ ተጥሎ መነሳት፣ ዞሮ መከላከል፣ እንደገና መሸከም። በቃ፣ ተሸካሚ ማለት ነው። ስሙ የሚጨበጨብለት ዳር ላይ የሚሮጠው ፈጣኑ ልጅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስሸከም ስለማድር ይሆናል፣ እኔ ልቤን የወሰደው ይሄኛው ነው። ከ1998 እስከ 2012 በዚህ ሥራ 309 የሊግ ጨዋታ ተጫወተ። በ2006 ብሪዝበን ብሮንኮስ ሜልበርን ስቶርምን 15 ለ8 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ ነበረበት፤ ከዚያ ፔንሪዝ የሚባል ሌላ ክለብ አራት ዓመት ቆይቶ ለመሰናበቻው ወደ ብሮንኮስ ተመለሰ። ብሪዝበን ላለችበት ግዛት ለኩዊንስላንድ 33 ጊዜ፣ ለአውስትራሊያ 45 ጊዜ ተሰልፏል። በ36 ዓመቱ የኩዊንስላንድን ማልያ ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰበት ጨዋታ እዚሁ ከተማ ነበር፤ 21 ለ20፣ በአንዲት ነጥብ አሸንፈው ሸኙት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ማንም ምንም አይለውም ነበር። ሰውየው ግን በ2013 የዓለም ዋንጫ በ37 ዓመቱ የፊጂ አምበል ሆኖ እንግሊዝ ሄደ። ፊጂዎች ከጨዋታ በፊት ክንድ ለክንድ ተያይዘው መዝሙር ይዘምራሉ፤ የጸሎት መዝሙር ነው፣ ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፣ ሰውነትህን ይወርርሃል። ሩብ ፍጻሜ ላይ ሳሞአን 22 ለ4 ረቱ። ግማሽ ፍጻሜው ዌምብሌይ፣ ተጋጣሚያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አውስትራሊያ! 45 ጊዜ የለበሰው ማልያ ፊት ለፊቱ ቆመ። 64 ለ0 ተሸነፉ።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲያወራ ፊቱ ላይ ሽንፈት የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ ነገረኛ ነኝ፣ "ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ የት ነበር? ጉልበቱ ሲያልቅ ነው የመጣላችሁ" አልኩት። ሻዩን አስቀመጠና "መጣ እኮ" አለኝ። ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ያንን ሌሊት ካርቶን ስቆጥር ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ጥያቄህን አልረሳሁትም። ጠቅልዬ የምመጣበትን ቀን አልዋሽህም፣ የለኝም። ለገና ግን ሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ከተፈቀደልኝ ትኬቱን በዚሁ ወር እቆርጣለሁ። እሁድ እደውልልሃለሁ፣ አንተ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ እኔ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ስልኩን ለእማማም ስጣቸው። ከተቆጡኝ ይቆጡኝ።

ያው ወንድምህ