ለሰፈራችን የወጣቶች ማሰልጠኛ ጣሪያ የቀረበ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ ለቅሬያችን (ለዕድራችን) አባላት፣ ከኮምቦልቻና ከዙሪያዋ ወጥታችሁ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ ወገኖቻችን። አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ?

በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ዐውሎ ነፋስ የማሰልጠኛውን ጣሪያ ከነማገሩ ገንጥሎ ጥሎታል። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የስፌት ማሽኖቹን ሰልጣኞቹ ራሳቸው በዚያው ሌሊት ተሸክመው አወጧቸው፤ ግማሾቹ በመስጊዱ መድረሳ፣ ግማሾቹ በቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠዋል። መስከረም ሲጠባ ግን ሁለቱም ቤቶች ለራሳቸው ጉዳይ ይፈለጋሉ።

ደግመን እጃችንን መዘርጋት ከብዶናል። አምና የሰጣችሁ ከጉሮሯችሁ ነጥቃችሁ እንደሰጣችሁ እናውቃለን። ነገር ግን ቀን ተቆርጦብናል። በስምምነታችን መሠረት ማሽኑን፣ ጨርቁን፣ አሰልጣኙንና የሰልጣኙን የኪስ ገንዘብ የሚችለው የልብስ ፋብሪካው ነው፤ ምዘናውን ያለፈውንም ይቀጥራል። የእኛ ድርሻ አዳራሹ ብቻ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካላዘጋጀን ማሽኖቹን ወደ ሌላ ከተማ ሊወስድ ነው፤ ደብዳቤው ደርሶናል።

በጥቅምትና ኅዳር 2014 ከተማችን በጦርነት ተይዛ ፋብሪካዎቿ ሲዘረፉ አይተናል። ቁስላችን ሳይሽር በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ የአጎዋን፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የማስገባትን፣ ዕድል ነሳችን፤ በሐምሌ 2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ያየነው ተስፋ ደበዘዘ። በዚህ ሁሉ ላይ ቀጣሪ በራሱ እግር ሰፈራችን ድረስ መጥቶ «ልጆቻችሁን ላስተምር» ሲል በጣሪያ ምክንያት እንሸኘው?

ልጆቻችን የሚሄዱበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። በባቲ አድርገው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲዋ የወደብ ከተማ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። እናት ለደላላ የምትከፍለውን በሬዋን ሸጣ ታመጣለች፤ ከዚያ ስልክ መጠበቅ ነው። እስካሁን ሁለት ዙር አሰልጥነናል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡ ሴት ልጆች ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ ኦቨርሎክ በሚባለው የልብስ ጠርዝ መስፊያ ማሽን ላይ ተቀምጠው ደመወዝ ይቀበላሉ። ከኦቦክ የተመለሰ አንድ ልጃችን የማሽን ጥገና ተምሮ አሁን ለአዲሶቹ ያስተምራል። ይህንን ያደረገው የእናንተ ብር ነው።

«ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» የምትሉ አላችሁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አዳራሹ ቀበሌው የሰጠን አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ለፋብሪካ ማሽን የሚሆን ስሪ ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር አስገባን፣ ወለሉን ሊሾ አስደረግን፣ ለሴትና ለወንድ የተለያየ መጸዳጃ ቤት ሠራን። ጣሪያውን ያላስቀደምነው ፋብሪካው ያለ ስሪ ፌዝ አንድም ማሽን ስለማያወርድ ነው። ማሽን ሳይኖር ምን ይሰለጠናል? ጣሪያው የዘንድሮ ተራ ነበር፤ ክረምቱ ቀደመን። ለኮሚቴ አባል አበልም ሆነ የትራንስፖርት ሳንቲም አልተከፈለም።

አሁን የሚያስፈልገው 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ የብረት ወራጅና ማገር፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ነው። ብየዳውን ሰልጣኞቹና የሰፈሩ ባለሙያዎች በነጻ ይሠራሉ። ቆርቆሮ በዓይነት ብትሰጡም እንቀበላለን። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ ሰደቃ ጃሪያ ነው፤ ሰው ሞቶም ምንዳው አይቋረጥም። ክርስቲያኖች፣ ከአስራታችሁ አስቡን። አቅም ያነሳችሁ አንድ ሚስማርም አይናቅም፤ ዱዓችሁና ጸሎታችሁም አይለየን።

ክፍያው በማሰልጠኛው ስም በተከፈተውና በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የቅሬ ዳኞችም ይዘውታል። በቴሌብር የምትልኩ ወደዚያው ሒሳብ አስተላልፉ። እባካችሁ ለማንም ግለሰብ ስልክ ወይም የግል ሒሳብ አትላኩ፤ በስማችን የሚለምን ቢኖር እኛ አይደለንም። ውጭ ያላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰባችሁ የቅሬ ዳኛ ጠይቁ። ደግመን እንላለን፦ በማሰልጠኛው ስም፣ ንግድ ባንክ፣ ሦስት ፊርማ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ ለዳኛችሁ አድርሱ፤ እሁድ እሁድ ከቅሬ ስብሰባ በኋላ የገባውና የወጣው ይነበባል፣ መዝገቡንም ማየት የፈለገ ያየዋል።