እጅህ አልነበረም

ይድረስ ለወንድሜ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ያ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስህ ነው።

የቢሾፍቱውን ሠርግ እንደማትረሳው አውቃለሁ። ሌንስህን እኔ ካሜራ ላይ ገጥመህ ሐይቁ ዳር ስታነሳ፣ የሙሽራዋ ዓይን ደብዝዞ ጉትቻዋ ጥርት ብሎ ወጣ። እኔም በሰው ፊት «እጅህ ይንቀጠቀጣል» አልኩህ። ሌንሱን እንኳን ሳትወስድ ሄድክ።

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ ክርስትና በዚያው ሌንስ አነሳሁ። ዓይኗ ላይ ባነጣጥር የሚጠራው ጆሮዋ ሆነ። እጅ ቢሆን ኖሮ ጉትቻውም አብሮ ይደበዝዝ ነበር፤ ይህን ለማሰብ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ማታ ሦስት ስኒዎች ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደረደርኩ። ካሜራውን መቆሚያ ላይ አስሬ፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ 1.8 ላይ በሰፊው ከፍቼ፣ የመካከለኛው ስኒ አበባ ላይ አነጣጠርኩ። አሥር ጊዜ አነሳሁ፤ አሥሩንም ጊዜ የጠራው የኋለኛው ነው። በጀርባው ስክሪን እያየሁ ሳነሳ ግን መካከለኛው ቁልጭ አለ። ለካ በስክሪኑ ሲሆን ፎከሱን የሚለካው ራሱ ምስሉን የሚቀርጸው ሴንሰር ነው። በዓይን ማያው ስናይ ግን ከዋናው መስታወት ጀርባ ያለችው ትንሿ መስታወት ብርሃኑን ታች ወዳለው መለኪያ ትልከዋለች። ብርሃኑ ወደ ሴንሰሩና ወደ መለኪያው የሚሄድባቸው የሁለቱ መንገዶች ርዝመት ትንሽ ከተዛነፈ ካሜራው «ያዝኩ» ብሎ ይጮኻል እንጂ አልያዘም። በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ይህ ሌንስ በ1.8 አጥርቶ የሚያሳየው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዓይን እስከ ጆሮ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የእኔ ዙም ሌንስ ግን በ5.6፣ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያነሳ፣ ሰፋ ያለ ርቀት እያጠራ ጉድለቱን ሸፍኖልኝ ኖሯል። የካሜራዬን ጥፋት ባንተ አሳበብኩ፤ ይቅር በለኝ።

ሜኑው ውስጥ ከ20 እስከ ከዜሮ በታች 20 የሚሄድ የፎከስ ማስተካከያ አለ። ከዜሮ በታች 9 ላይ ሳደርሰው መካከለኛው ስኒ ጠራ።

ሌንሱ አሁንም በዚያ ሰማያዊ ሻርፕህ እንደተጠቀለለ ነው። ወዳንተ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ። ያ 9 ቁጥር ለእኔ ካሜራ ብቻ ስለሆነ፣ አንተም ሲደርስህ ስኒ ደርድረህ ፈትነው። ስንት ላይ እንደጠራ ጻፍልኝ።

ወንድምህ