ብሎኬቱ ለምን ነጣ? ለምንስ ዘገየ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን አላርፍ ብሏል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ብሎኬታችሁ ምን ነክቶት ነው የነጣው?» አንዳንዶቻችሁማ «ሲሚንቶ ቀንሳችሁ አሸዋ ትሸጡልናላችሁ» ብላችሁናል። ግማሹ እውነት ነው። ሲሚንቶ ቀንሰናል። በቦታው የገባው ግን አሸዋ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ድንጋይ ሲጠረብ ያየ ሰው፣ ጠራቢዎቹ ጥለውት የሚሄዱትን የፍላጭ ክምር ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ክረምት ላይ ወደ ማሳ ይወርዳል። እኛ ከዚያ ክምር ውስጥ ነጣ፣ ቀለል ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለይተን እንጭናለን። አድርቀን እንፈጨዋለን። በሁለት ጣት ሲታሽ እንደ ጤፍ ዱቄት ካልለመ ተመልሶ ወፍጮ ይገባል። ከዚያ ከአምስት እጅ ሲሚንቶ አንዱን እጅ በእሱ እንተካለን።

እንዴት ይይዛል? ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲጠነክር ትርፍ ኖራ ይተዋል። ብቻውን ብዙም የማይረባ ኖራ ነው። ይህ ድንጋይ ደግሞ ቀልጦ ወጥቶ ድንገት የቀዘቀዘ ስለሆነ ውስጡ እንደ መስታወት ነው። ሲደቅ ያን ኖራ ይዞ ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት በፊት ኔፕልስ አጠገብ፣ ፖዙኦሊ ከምትባል ከተማ የሚወጣውን አመድ ከኖራ ጋር እያቦኩ ወደብ ሠርተውበታል። እንዲህ ከኖራ ጋር ለሚይዝ የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ የወጣለት «ፖዞላና» የሚለው ስምም የመጣው ከዚችው ከተማ ነው። እናንተም ብትሆኑ ሳታውቁት ተጠቅማችሁበታል፤ ገበያ ላይ ያለው ፒፒሲ ሲሚንቶ ፖዞላና የተቀላቀለበት ነው። እኛ ፖዞላና ያልገባበትን፣ ኦፒሲ የሚባለውን ሲሚንቶ ብቻ የምንገዛው ለዚህ ነው። በፒፒሲ ላይ ሌላ ዱቄት መጨመር በረካ ላይ ውሃ እንደመቸለስ ነው።

ክሬሸር ሥር የሚከመረውን የጥቁር ድንጋይ ብናኝስ? ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ድንጋይ ስለሆነ ከኖራው ጋር እምብዛም አይዋሃድም። አሸዋን ይተካ ይሆናል፣ ሲሚንቶን ግን አይተካም። «ድንጋይ ሁሉ ሲሚንቶ ይሆናል» የሚላችሁን አትመኑ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ይጋገራል። ከፋብሪካው ከሚወጣው የካርቦን ጋዝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው የሚወጣው። የእኛ ድንጋይ ግን እሳቱን እሳተ ገሞራው ጨርሶለታል፤ የሚቀረው መፍጨት ነው። ዋጋው ግን ያሰባችሁትን ያህል አልቀነሰም። ትርፉን የወፍጮው መብራት ይበላዋል።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ይህ ዱቄት ዘገምተኛ ነው፤ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ባለፈው ኅዳር፣ በውርጩ ሰሞን፣ አሥር ቀን ብቻ የቆየ ብሎኬት ጭነን ወደ ጣርማበር ላክን። ሲወርድ ጠርዙ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርፍር አለ። ግንበኛው አንዱን አንሥቶ በመዶሻ እጀታ መታ አደረገውና «ይሄ ገና ጥሬ ነው» አለ። ልክ ነበር። ሙሉውን መልሰን በሌላ ተካን።

ከዚያ ወዲህ 28 ቀን ያልሞላው ብሎኬት ከግቢያችን አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት ውሃ እናጠጣዋለን፣ ማታ ማታ በሸራና በጭድ እንሸፍነዋለን። ስለዚህ እባካችሁ ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ዛሬ አዝዞ ለነገ የሚል ካለ ይቅርታ፣ አንችልም።

ዱቄቱን በጆንያ ሽጡልን የምትሉም አላችሁ። አንሸጥም። እኛ የሞከርነው በግድግዳ ብሎኬት ነው። ለኮለን (ለምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል) ሲሆን የመሐንዲስ ስሌትና የላብራቶሪ ምርመራ ይፈልጋል፤ በግምት ተደባልቆ ሰው ላይ እንዲወድቅ አንፈልግም።

የተጠራጠረ መጥቶ ከክምሩ የፈለገውን አንሥቶ ይስበር። እያንዳንዱ ክምር ላይ የተመረተበት ቀን በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቀን ካልተጻፈበት ክምር ከጫንላችሁ አትረከቡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የብሎኬት ማምረቻው ሠራተኞች
ደብረ ብርሃን