ኦራክል የሚያውቅ ፖስትግሬስ አይችልም ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ የዳታቤዝ ባለሙያ የሚፈልጉ ድርጅቶች የሚያወጡትን መስፈርት ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ልበል ልበል ያሰኘኛል። አንዱ ኦራክል ላይ የሠራ ብቻ ይላል፤ ሌላው ኤስኪውኤል ሰርቨር ያልነካ አይመዝገብ ይላል። እኔ ሥራ የጀመርኩት በኦራክል ነው። ዛሬ የማስተዳድረው በአብዛኛው ፖስትግሬስ ሲሆን በመሃል ኤስኪውኤል ሰርቨርና ማይኤስኪውኤል ላይም ሠርቻለሁ፤ አራቱም መረጃን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጡ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ናቸው። አዲስ ሰው ሲቀጠርም ከፈታኞቹ አንዱ ነኝ።

እንዲህ ያለው መስፈርት ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚመልሰው ዋናውን ነገር የሚያውቀውን ሰው ነው። ኤድጋር ኮድ የአይቢኤም ተመራማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ሞዴሉን፣ ማለትም መረጃን በሠንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ፣ ሲያቀርብ ዛሬ በማስታወቂያ የሚጠሩት ምርቶች አንዳቸውም አልነበሩም። ዳታቤዞቹ የሚጠየቁበት ቋንቋ ኤስኪውኤልም ከ1986 ጀምሮ የጋራ ደረጃ ወጥቶለታል። አንድ መረጃ ሁለት ቦታ ሲቀመጥ ምን እንደሚበላሽ፣ በሦስት ዓምዶች ላይ የተሠራ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) የመጀመሪያው ዓምድ በመጠይቁ፣ ማለትም ለዳታቤዙ በምናቀርበው ጥያቄ፣ ውስጥ ከሌለ ለምን ብዙ ጊዜ እንደማይረዳ የገባው ሰው እውቀቱን ይዞት ይዞራል። የአፈጻጸም ዕቅድን፣ ማለትም ዳታቤዙ መጠይቁን በምን መንገድ እንደሚመልስ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ማንበብም እንዲሁ ነው። ዕቅዱ አሥር ረድፍ ይመጣል ብሎ ገምቶ ሚሊዮን ረድፍ ሲመጣ «ዳታቤዙ የሚገምትበት ስታቲስቲክስ አርጅቷል» ብሎ የሚጠረጥር ሰው፣ የየትኛውም ኩባንያ ዳታቤዝ ቢሰጠው እዚያው ቦታ ላይ ነው ጣቱን የሚያሳርፈው።

የአጻጻፍ ልዩነቱ አያሳስበኝም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች ብቻ ስጠኝ ለማለት ፖስትግሬስ ሊሚት የሚለውን ኤስኪውኤል ሰርቨር ቶፕ ይለዋል፤ ኦራክል ለረጅም ጊዜ በሮውነም ሲያስኬደው ቆይቶ ከ12ሲ ስሪት ወዲህ ፌች ፈርስት ማለት ችሏል። ብንሳሳት ዳታቤዙ ራሱ አልገባኝም ብሎ ይመልስልናል።

ችግሩ ድምፅ ሳያሰማ የሚለየው ነው። የደንበኞች ሠንጠረዥ እንውሰድ፤ ሁለተኛ ስልክ የሚል ዓምድ አለው። ፎርሙን የሞላው ሰው ቦታውን ባዶ ተወው፤ ፕሮግራሙም ባዶ ጽሑፍ ላከ። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን ነል፣ ማለትም ምንም ዋጋ ያልተሰጠው፣ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፖስትግሬስ ግን ባዶ ጽሑፍ ሌላ፣ ነል ሌላ ነው ባይ ነው። እናም ኦራክል ላይ ሁለተኛ ስልክ የሌላቸውን «ነል የሆነውን ቁጠር» እየተባለ ለዓመታት ትክክለኛ ቁጥር ሲሰጥ የኖረ መጠይቅ፣ ወደ ፖስትግሬስ ከተዛወረ በኋላ አዳዲሶቹን ደንበኞች እየዘለለ ይቆጥራል። የስህተት መልእክት የለም፤ ሪፖርቱም በሰዓቱ ይወጣል። ስም ስናገጣጥም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማዕረግን፣ ስምንና የአባት ስምን በሁለት ቋሚ መስመሮች (||) ስናያይዝ ማዕረጉ ነል ቢሆን ኦራክል እንደሌለ ቆጥሮ የቀረውን ይሰጠናል፤ ፖስትግሬስ ሙሉውን ነል ያደርገውና ደንበኛው ስም አልባ ሆኖ ይታተማል። ማይኤስኪውኤል ላይ ይኸው ምልክት፣ መነሻ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ «ወይም» ማለት ነው፤ ማዕረጉ ቢሞላም እንኳ ስም ስንጠብቅ ዜሮ ይመጣልናል። (ይህ እንኳ ይሻላል፤ ቢያንስ ዐይን ውስጥ ይገባል።)

ሰው ሲበዛ ብቻ የሚታዩም አሉ። ኦራክል ላይ ያደገ ባለሙያ አንባቢ ጸሐፊን (መረጃ የሚያነብ መረጃ የሚቀይረውን) አይጠብቅም የሚለውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይዞታል። በራሳችን ሰርቨር ላይ የጫንነው ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን፣ ቅንብሩን ካልነካነው፣ ገና ኮሚት ያልተደረገ (ያልጸደቀ) ለውጥ ያለበት ረድፍ ላይ ሲደርስ አንባቢውን ያቆመዋል። በሙከራው ቀን ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ሲሠራ ሪፖርቱ አልንቀሳቀስ ይላል። ፖስትግሬስም የራሱ አመል አለው። ረድፍ ሲሻሻል የድሮውን ቅጂ እዚያው ሠንጠረዡ ውስጥ ይተወውና በኋላ ቫኩም በሚባለው ሥራ ያጸዳዋል። አንድ ሰው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ሥራዎች) ከፍቶ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ያ ትራንዛክሽን ሊያያቸው የሚችላቸውን አሮጌ ቅጂዎች ቫኩም ማንሣት አይችልም። ሠንጠረዡ ሌሊቱን ሲያብጥ ያድራል። አሮጌውን ቅጂ ለብቻው በአንዱ ቦታ የሚያስቀምጠውን ኦራክል ብቻ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ይደክማል።

ስለዚህ የአራቱንም ዳታቤዞች ስም በሲቪው ላይ ደርድሮ «ሁሉም ያው ነው» የሚለውም አመልካች አያሳምነኝም። እንዲህ ያለውን ባዶ ጽሑፍና ነል አንድ ናቸው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። «በየትኛው ዳታቤዝ?» ብሎ መልሶ ከጠየቀኝ፣ የሠራው በአንዱ ብቻ ቢሆንም ቃለ መጠይቁን በደስታ እቀጥላለሁ።

ቀጣሪዎችን የምጠይቀው ይህን ነው። ማስታወቂያው ላይ የሪሌሽናል ዳታቤዝ ልምድ ብላችሁ ጻፉ። ፈተናው ላይ አመልካቹ የማያውቀውን ዳታቤዝ የአፈጻጸም ዕቅድ አቅርቡለትና ሲያስብ እዩት። ከተቀጠረ በኋላ የመላመጃ ጊዜ ስጡት፤ ያንኑ መረጃ በሚያውቀውም በማያውቀውም ዳታቤዝ ላይ ጭኖ፣ ያንኑ መጠይቅ አስኪዶ፣ ውጤቱ የት ላይ እንደሚለያይ ራሱ ይፈልግ። የምስክር ወረቀት ከሚያስተምረው ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስተምረዋል።

በአንድ ነገር ግን የቀድሞ ልምድን አልቀበልም፤ እሱም ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ነው። ኦራክል ላይ በባክአፕ መሣሪያው በአርማን የሠራ ሰው ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ ደምፕ የሚባለውን የቅጂ ፕሮግራም አስኪዶ ሁሉንም ያስቀመጠ ሊመስለው ይችላል። ፒጂ ደምፕ ግን የሚቀዳው የአንዱን ዳታቤዝ ይዘት ነው፤ የተጠቃሚዎቹን አካውንትና የይለፍ ቃል አያካትትም። ከአደጋው በፊት ወደነበረችው ደቂቃ ለመመለስም የሙሉው ሰርቨር ቅጂና ሳይቋረጥ የተቀመጠ የዋል ፋይል (የለውጦች መዝገብ) ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ አዲስ ሰው ባዶ ማሽን ይሰጠዋል፤ ትናንት የተወሰደውን ባክአፕ ብቻውን መልሶ አስነሥቶ፣ ተጠቃሚዎቹ ገብተው መሥራት መቻላቸውን ያሳየናል። እስከዚያ ድረስ የዋናውን ዳታቤዝ የይለፍ ቃል አንሰጠውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ